ባሌ ነው፣ ጻፈው

እህቴ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። ምላሷ ከምታጥብበት በረኪና ይብሳል፤ ታናሿ ስለሆንኩ ደህና አድርጌ ቀምሼዋለሁ። ባሏ ግንበኛ ነው። ስራ ሲገኝ ይሰራል፣ ሲጠፋ ቤት ይውላል፤ ቤት የሚውልበት ወር ይበዛል።

ግቢያችን ውስጥ ሰባት ቤት አለ። የዱቄትና የዘይት እርዳታው ወንድ ለሌለበት ቤት ብቻ ስለሆነ፣ የእኔን ጨምሮ ሰባቱም ቤት በወረቀት ላይ ባል የለውም። የእርዳታው መዝጋቢ የሚመጣ ቀን የወንድ ጫማ ተለቅሞ ጆንያ ይገባል፣ ሱሪ ከገመድ ላይ ይነሳል፣ ባሎቻችንም ከጓሮው አጥር ወዲያ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ጉድ እኮ ነው፤ አባወራ እንደ ዶሮ ሌባ ሲደበቅ። ለምደነው እንስቅበት ነበር።

አንድ ቀን አንድ ግንበኛ ስራ ተገኝቷል ብሎ የእህቴን ባል ሊጠራ መጣ። በር ላይ የምትጫወተው የስድስት ዓመት ልጃቸው ሰውየውን አታውቀውም። እንዳስጠናናት "እኛ ቤት አባት የለም" አለችው። ሰውየው ቤት የተሳሳተ መስሎት ሄደ። አባቷ ከውስጥ ሰምቶ ሮጦ ቢወጣም አልደረሰበትም፤ ስራው ለሌላ ሆነ።

ልጅቷን አልተቆጣትም። ግን በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ መቀመጥ ጀመረ። "የሚሻላችሁ እኔ ጠቅልዬ ብሄድ ነው" አላት እህቴን።

መዝጋቢው የመጣ ዕለት ባሏን በሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"አብደሻል እንዴ? ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?" አልኳት።

"እትዬ፣ እኚህ ማናቸው?" አለ መዝጋቢው።

"ባሌ ነው፣ ጻፈው።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንዴ ከጻፍኩት እርዳታው ይቆማል፣ ይቅርብዎ።"

"አውቃለሁ። በዓመት አራት ወር ብቻ ስራ እንደሚያገኝም ጻፍ።"

"ቅጹ ላይ ለሱ ቦታ የለም።"

"እንግዲያው ጠርዙ ላይ ጻፈው። ባሌን ሌባ አድርጌ አልበላም።"

ጻፈው። በወሩ ዱቄቱ ቀረ። እህቴ የእሁዱንም አንሶላ ጨመረች፣ ጣቶቿ ተላጡ። ባሏ ያበስላል፣ ልጆቹን ያጥባል፣ ጠዋት ጠዋት ስራ ፍለጋ ይወጣል።

በቀደም ባሌን ደብቄ ከምቀበለው ዱቄት ጥቂት ወሰድኩላትና "አሁንስ አልቆጨሽም?" አልኳት።

"ጎድለን ከምንጠግብ ሞልተን ይራበን" አለችኝ።

ዱቄቱን ተቀበለችኝ። እፍረቱ እኔው ጋ ቀረ።