አስካለማርያም የተለቀሰላት እሑድ

ረታ የሸዋ ሰው ነው፤ በ1938 ዓ.ም. መቀሌ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ብዕር ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ድፍረቱ ግን እዚያው ወረቀቱ ላይ ያልቃል። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ አስካለማርያም ከድግስ በቀር ሌላ ሰው የሠራውን ወጥ ቀምሳ እንደማታውቅ ልብ ያለው፣ አንድ ቀን ትኩሳት ይዟት ምድጃ ሥር ሽንኩርት ስትከትፍ ሲያያት ነው። አንድ ቀን እንኳ ከእጄ ትብላ አለ።

ግን እንዴት ተደርጎ? ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ከተባለ የሰፈሩ ምላስ መች ይተኛል! ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ መላ መጣለት። በዘመቻ ጊዜ ጭልፋ ያልጨበጠ ጀግና የለም፤ ከቤቱ ርቆ የሰፈረ ወንድ ቢያበስል ማን ነውር ይለዋል? ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ ዶሮ የሚያድርበት ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ቤት ነበረው። ጠረገው፣ ቀባው፣ ሁለት በቅሎ ጠመደለት፤ ከዚያ ሚስቱን አሳፍሮ በሰሜን በኩል በውቅሮ መንገድ ወጣ። እሑድ ማለዳ ከመንገዱ ዳር ሰፈረ። ዘመቻ መሆኑ ነው።

«ዛሬ እጅሽ እሳት አይነካም፤ ተኚ» አላት። እሷም ዝንቡን ሸሽታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና ለጥ ብላ ተኛች።

ረታ ጉልቻ ጎለተ፣ የበግ ሥጋውን መተረ፣ ሽንኩርቱን ከተፈ። ወይ ሽንኩርት! እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፤ እርጥቡ እንጨት ደግሞ ጭሱን ፊቱ ላይ ይለቅበታል። ሰፈሩ አደይ፣ እናቴ፣ የሚላቸው ጎረቤታቸው ለተብርሃን በዚያው መንገድ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጠገቡ ያልፋሉ። ወንድ ልጅ ወጥ ሲሠራ፣ ያውም እያለቀሰ!

«ረታ ወደይ፣ ልጄ፣ አስካለ የት አለች?»

ጭሱ አንቆት መናገር ቢያቅተው በጭልፋው ተጎታቹን አመለከታቸው። በመስኮቱ ቢያዩ፣ ተሸፍና ተጋድማለች። ሚስቱ በሕይወት እያለች ወጥ የሠራ ባል ደግሞ አይተው አያውቁም።

«ወይለይ! ወይለይ!» ብለው ጮኹ።

ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ ግር ብሎ መጣ። ደረት ይደቃል፣ ሙሾ ይወርዳል፤ «ለሰው ስትሠራ ኖራ፣ ለራሷ ሳትቀመጥ!» ይባላል። ረታ «ኧረ አልሞተችም!» ቢል፣ አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው «አይዞህ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» አሉት።

አስካለማርያም ከነቃች ቆይታለች። የሚባልላት ነገር ጥሟት፣ ትንሽ ይጨምሩ ብላ ዝም ብላ ነበር። በመጨረሻ ግን አፍንጫዋ አላስችል አላት፤ በመስኮቱ ብቅ ብላ «አንተ ረታ፣ ወጡ አረረ እኮ!» አለች።

ለቀስተኛው በርግጎ ተበተነ፤ ሳቁ ሲመልሰው ደግሞ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ። ደጅ ድረስ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሸኝም። ረታ ድስቱን አየ፣ ሰዉን አየ። ለእሷ ምን ሊተርፍ? ይህ ሁሉ ጉድ ታልፎ ከእጁ ሳትበላ ልትቀር ነው? እፍረቱን ዋጠና ከቤት ካመጣው የፉርኖ ዳቦ ቆርሶ፣ ወጡን አጥቅሶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጀመሪያ ሚስቱን አጎረሳት።

ወጡ አርሯል፤ ጨውም በዝቶበታል። አስካለማርያም አላምጣ ዋጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እሷ ደግሞ ሽንኩርት አልከተፈችም።

«አደይ ለተብርሃን» አለች፣ «ለካ እንዲህ የሚበላው ሲሞት ነው! እንግዲህ በየእሑዱ እየመጡ ያልቅሱልኝ።»