ስሙን ብቻ የተማርኩት መድኃኒት

በነርስ ትምህርት ቤት የካንሰር መድኃኒቶችን ስም ሸምድጄ፣ ፀጉር ያረግፋሉ፣ ያስመልሳሉ ብዬ ጽፌ ፈተናዬን አልፌያለሁ። በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ስመደብ ግን የጤና ጣቢያችን መደርደሪያ ላይ ከክሎሮኪን፣ ከፔኒሲሊንና ከቴትራሳይክሊን ሌላ ነገር አልነበረም። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ጤና ለሁሉም» የሚል መፈክር ተለጥፏል።

አንድ ቀን ከቀወት ገጠር በአህያ የመጡ እናት ልብሳቸውን ገልጠው ጡታቸውን አሳዩኝ። የጡት ካንሰር ነው፤ ፈንድቶ ይመግላል። አዲስ አበባ ይሂዱ ብላቸው በምን አቅማቸው! ቁስሉን አጥቤ ለመግሉ ቴትራሳይክሊን ሰጠኋቸው።

«አላህ ይስጥልኝ። የዚህ በሽታ መድኃኒት ይኼ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። የእሱን ስሙን ተማርኩ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

ካፕሱሎቹን በሻሻቸው ጫፍ እየቋጠሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ የማይሰጡሽን ነገር ለምን አስተማሩሽ፣ ልጄ?»