ያለ መብራት የሠራው ኮምፒዩተር

ይህ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ዛሬም መብራት በጠፋ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ለብቻዬ ስስቅ ባለቤቴ ትገላምጠኛለች።

አንኮበር አካባቢ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከየትምህርት ቤቱ አንዳንድ መምህር ደብረ ብርሃን ሰብስቦ ኮምፒዩተር አስተማረን። ኮምፒዩተሩ አንድ፣ እኛ ዐሥራ አራት። እኔ ስሜን ጽፌ ሳልጨርስ ተራዬ አለቀ። ሆኖም የኮምፒዩተር መምህር ተባልኩና ለትምህርት ቤቴ የተሰጠውን ኮምፒዩተር ይዤ ተመለስኩ።

ትምህርት ቤታችን መብራት የለውም። ጄኔሬተር እንዲሰጠን ለአውራጃው ጻፍን። እስኪመጣ ድረስ ኮምፒዩተሩን የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋሼ ተሰማ ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። እኔም የኮምፒዩተሩን የፊደል ቁልፎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ተማሪዎቼ ጠረጴዛ በጣታቸው እንዲመቱ አደርግ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያሠለጠነችን መምህርት እንዴት እንደሆንን ልታይ መጣች። የጄኔሬተሩን ጉዳይ የሚወስነው የአውራጃው ጓድም አብሯት ነበር። ጋሼ ተሰማ ኮምፒዩተሩን ከሣጥኑ አወጡት። መስታወቱ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በቀይ የዘይት ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል።

«ምን አደረጉት ጋሼ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«የመንግሥት ንብረት ያለ ቁጥር ይቀመጥ እንዴ? ደግሞ ፊቱ ላይ ካልተጻፈ ማን ያየዋል?» አሉኝ ኮራ ብለው።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ያበላሸ አሻጥረኛ ነው። አሻጥረኛ የት እንደሚገባ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ጓዱ ጠጋ ብሎ መስታወቱን ትኩር ብሎ አየ። 

«ይኼ ምንድነው?» አለ።

መምህርቷ እኔንም ጋሼ ተሰማንም አየችን።

«ቁጥር ነው፣ ጓድ። የኮምፒዩተር ሥራው ቁጥር ነው» አለች።

«ያለ መብራት! ድንቅ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ጓድ እያጨበጨበ ማን እጁን ይሰበስባል?

መምህርቷ ስትሰናበተኝ «ቀለሙ በላምባ ይለቃል» አለችኝ በጆሮዬ።

ብዙም ሳይቆይ የአውራጃው ደብዳቤ መጣ። «የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ያለ መብራት እንደሚሠራ በቦታው ተገኝተን ስላረጋገጥን፣ የጄኔሬተሩን ጥያቄ ያልተቀበልነው መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል።

ያቺን መምህርት ዛሬም አመሰግናታለሁ፤ ከእስር አድናኛለች። ተማሪዎቼን ሳስብ ግን አፍራለሁ። ኮምፒዩተር ሲበራ ሳያዩ ትምህርታቸውን ጨረሱ። እኔም ላምባውን ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ቁጥሩን ባጠፋው ግን የሚሠራ ኮምፒዩተር አበላሸ እባላለሁ ብዬ፣ እስክዛወር ድረስ አልነካሁትም።