አደም ሶኬቱን የነቀለበት እሁድ

ባለፈው ሳምንት ሮቢት ላይ ስልኬን ላሠራ አንድ ጥገና ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጠጋኙ የአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ጀርባ ፈትቶ መብራት ሰካበት። ትንሽ ቆይቶ ውስጡ የከረመው አቧራ መሞቅ ጀመረ፤ የተቃጠለ ጨርቅም ዝገትም የሚመስለው ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሌላው ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔ ግን ሳላስበው ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አልለመድኩም፤ ትምህርቴም ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም ልሞክር። ያ ሽታ የአያ ሞላ ሽታ ነው። አያ ሞላ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለት አለብኝ መሰለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ቆቦ ላይ፣ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው አደም ሻይ ቤት ብቻ ነው። በብረት ፍርግርግ ታስሮ ከግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲከፈት ያው የሞቀ አቧራ ሽታ ይወርድብናል፤ ከሥሩ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ሙቀቱን ከማዞር በቀር ምንም የማይፈይድ ማራገቢያ ይንገጫገጫል። እኛ ልጆች አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሦስት ገዝተን፣ ካለቀ አደም ስለሚያስወጣን፣ በከንፈራችን እየነካን ብቻ እስኪቀዘቅዝ እናቆየው ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆሎ ትሸጥ ስለነበር እኔን አደም ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሠኛል።

እሁድ ከሰዓት የቤተሰብ ፕሮግራም ይመጣል። ካሜራ ይዘው ባልተጠበቁበት የሰው ቤት ይገቡና ባልና ሚስት እንዴት እንደሚኖሩ፣ ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ያሳያሉ። በመጨረሻ ሙዚቃው ቀስ ይላል፤ አቅራቢው ስለ እናት፣ ስለ አባት ይጠይቃል፤ ሰውየው ያለቅሳል። ሁልጊዜ ያለቅሳል። ባል ሚስቱን «የኔ ፍቅር» እያለ ሳህን ሲያጥብ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ አንደኛውማ ካሜራው ከቤት በወጣ ማግስት ሳህኑም ሴትዮዋም መከራቸውን ያያሉ ይል ነበር። እኔ ግን አምን ነበር። የሰው ቤት ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ የእኛ ቤት ብቻ የተበላሸ። እኛ ቤት መተቃቀፍ የለም፣ ፎቶ አይሰቀልም፣ አንድ ስም ደግሞ ፈጽሞ አይነሳም።

ዝምታው የመጣው ከደም ነው። አባቴ ገና ሳላውቀው ሞቷል። አጎቴ ከዞብል ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳው ሲጠልፍ ተራው የኔ ነው ካለ ጎረቤቱ ጋር ተጣላና ገደለው። አጎቴ ታሰረ። በእኛ አገር ግን ገዳይ ስለታሰረ ደም ተከፈለ አይባልም፤ የሟች ወገን የሚፈልገውም ገዳዩን ሳይሆን ከገዳዩ ቤት የተሻለውን ወንድ ነው። ከእኛ ቤት የተሻለው አያ ሞላ ነበር። ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በላዩ አንጠልጥሎ ሲመጣ ከሩቅ እለየዋለሁ። ከደረሰም ጎንበስ ይልና የዱላውን ጫፍ ያስይዘኛል፤ ከዚያ ብድግ ሲል እግሬ ከመሬት ይለቅቃል፤ ዞር ሲል አብሬው እዞራለሁ። ቆቦ ውስጥ ልጅ እንደዚያ የሚያጫውት ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ጠፋ። ቆይቶ ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ባሕር በላው ተባለ። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፤ ድንኳን ተተከለ፤ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ አጎቴ የገደለው ሰው እናት፣ እትዬ ብርነሽ፣ ልጃቸውን ካሳውን አስከትለው መጡ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። እትዬ ብርነሽ የእናቴን አንገት አቅፈው አብረዋት አለቀሱ፤ «እኔም አንቺም ልጅ አጣን፤ ደሙ እዚህ ይብቃው» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ካሳው የዚያ የተገደለው ሰው ወንድም ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ በበጋው ሙቀት በራችንን ከፍተን መተኛት ቻልን። አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር፤ እናቴ ተስካሩን አላወጣችም። ሲጠይቋት እጅ አጠረኝ ትላለች።

እንግዲህ ያ እሁድ የመጣው አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ፕሮግራሙ አዳማ የሚኖር ዳዊት የሚባል ሰው ቤት ገባ። ሚስቱ ናት አሉ በድብቅ የጠቆመችው፤ እንደሱ ያለ ባል የለም ብላ። ሰውየው ጢሙን አሳድጓል፣ ወፈር ብሏል፣ ካሜራውን ሲያይ ደንገጥ ብሎ ሳቀ። አላወቅኩትም። ከዚያ ትንሽ ልጁ ሮጣ መጣች። ሰውየው የመጥረጊያውን እንጨት አንስቶ ማጅራቱ ላይ አጋደመ፤ ጎንበስ ብሎ ጫፉን አስያዛት፤ ብድግ አለና ዞረ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሳቁ ተቆረጠ። ስሙን የጠራ የለም። ወደ በሩ ዞርኩ። እናቴ የቆሎ መስፈሪያዋን እንደያዘች ቆማ ቴሌቪዥኑን ታያለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት እንጂ መደነቅ አልነበረም። የሞተ ልጇን አይታ አልደነቃትም። ያኔ ሁሉም ገባኝ፤ ተስካሩም ጭምር። በሕይወት ላለ ልጅ ተስካር ማብላቱን ፈርታ ኖሯል።

ካሳው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሙዚቃው ቀስ አለ። አቅራቢው ድምፁን አለስልሶ «ዳዊት፣ እናትህ አሁን ብታይህ ምን ትላታለህ?» አለው። አያ ሞላ አንገቱን ደፋ፣ ቀና አለ፣ አፉን ከፈተ። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ።

አደም ሶኬቱን በእጁ እንደያዘ «መብራት ሄደ» አለ።

ማራገቢያው ከራሳችን በላይ ይዞራል፤ ፍሪጁም ያጉረመርማል። የለም፣ መብራትማ አለ ያለ ሰው አልነበረም። አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። የመጨረሻው ካሳው ነበር፤ ሻዩን ቀስ ብሎ ጨረሰና ብርጭቆውን አፉን ደፍቶ አስቀመጠው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የአያ ሞላን ስልክ ግን በቃሏ ይዛዋለች። በአደም ስልክ ደወለችና «ያየህ አለ፤ ከዚያ ውጣ» ብላ ዘጋችው። እንዴት ነህ እንኳ አላለችውም። በማግስቱ እትዬ ብርነሽ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። «እንባዬን መልሺልኝ» አሏት እናቴን፤ ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ በራችን በሙቀቱም ተዘጋ። ውሻ ሲጮህ እናቴ እጇን አፌ ላይ ታደርጋለች፤ እኔ ግን ምንም እያልኩ አልነበረም።

አያ ሞላ ሚስቱን፣ ልጁን፣ ቤቱን ጥሎ ከቦታ ቦታ ሲሸሽ ቆየ፤ በመጨረሻ መሸሻ ሲያጣ በውሸት የበላውን ባሕር በእውነት ሊሻገር ሄደ። አሥረኛ ክፍል እያለሁ ጀልባው ላይ አብሮት የነበረ የጎብዬ ልጅ ደውሎ መስጠሙን ነገረን። ድንኳን ተከልን። ሰው አልመጣም። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ለቅሶ የት አገር አለ? በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ፈገግ ያሉም ነበሩ። አደም ብቻ መጥቶ «አብሽሩ» ብሎን እንጨት ፈልጦልን ሄደ። እኔ ደግሞ ከሐዘኑ የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። ሰው ካላመነን ወንድሜ የሚያለቅስለት የለውም፤ ካመነን ደግሞ ከቤቱ የቀረው ወንድ እኔ ነኝ። ለእሱ ባለቀስኩ ቁጥር ራሴን እየጠቆምኩ ነበር።

እትዬ ብርነሽ መሸት ሲል መጡ። ካሳው አጥሩ ጋ ቀረ። እሳቸው ገብተው እናቴ ፊት ቆሙ።

«ተስካሩን ታወጪዋለሽ?» አሏት።

«አወጣዋለሁ» አለች እናቴ።

እትዬ ብርነሽ ይህን ሲሰሙ ከጎኗ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው ያኔ ያለቀስኩት ለዛሬው ይሁንልሽ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ ያን እሁድ ዋጃ ካለው የእህታቸው ቤት ሆነው ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው እንዳዩት ነገሯት። እናቴ ቀና አለች። ምን አለ ብላ ጠየቀቻቸው።

«‹እናቴ ሞታለች፣ በእጄ ነው የቀበርኳት› አለ» አሉ እትዬ ብርነሽ። «አላለቀሰም። አቅራቢው ነው ያለቀሰው።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። «ጎበዝ» ስትል ሰማኋት። «የእናቱ ልጅ።»

ካሳው ግን አልገባም፤ ወዲያው አልሄደምም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ይጠይቀኛል፤ ምንም ክፉ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም። ሰላምታው ራሱ ያስፈራኛል። የአያ ሞላ አንድ ፎቶ የለንም። ድምፁን አሁን ረስቼዋለሁ። የቀረችኝ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ይዛ የምትዞር ልጅ ናት፤ የት እንዳለች አላውቅም፣ ለደህንነቷ ስል አልፈልጋትም። ልጅ ሳለሁ የተበላሸ የሚመስለኝ ቤት እንዴት ይወድ እንደነበር የገባኝ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ጥገና ቤቱ ውስጥ ያ አሮጌ ቴሌቪዥን በመጨረሻ ሠራ። ድምፅ ሳይኖረው ምስሉ ብቻ መጣ፤ ሰዎች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ጠጋኙ በሥራው ደስ ብሎት ወደ እኔ ዞረና እንዲሁ ለጨዋታ ወንድም አለህ ወይ አለኝ።

«የለኝም» አልኩት።

ቶሎ ነው የመለስኩት። እውነት ስለሆነ ይሁን፣ ወይስ እኛ ቤት የሚወዱት ሰው ሲነሳ የሚባለው ይህ ስለሆነ፣ እስካሁን አላውቅም።