የበሶ እርቅ

ልጅ ሳለሁ፣ በማኅበር ቀን ከአዋቂዎቹ ሁሉ ከእኛ ከልጆች ጋር የሚቀመጡት የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ኪሮስ ብቻ ነበሩ። ሰፈራችን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ያኔ መብራት አልደረሰንም። ሰዉ ወዲያ ጠላውን ይዞ ሲጫወት፣ እኛ የኩራዙ ብርሃን በቅጡ በማይደርስበት ጥግ ፍሙን ከበን ተረት እንጠብቃለን። ጢሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም የሚነሳ አልነበረም። በመካከላችን በማር የተለወሰ በሶ በገበቴ ይቀመጣል፤ አያ ኪሮስም እንደኛው በእጃቸው ቆረስ እያደረጉ፣ ጨዋታው ሲሞቅ ከአማርኛው ወደ ኽምጣኛ እየገቡ ይተርኩልናል።

አህያ ድግስ ደግሳ ጅብን የጠራችበትን ተረት ስንት ጊዜ አስደግመናቸዋል! ለጅብ ገለባ ቀረበለት። የሚወደው ምግብ ባለድግሷ ራሷ ናት፤ ግን እንግዳ ነውና ይሉኝታ ይዞት፣ እያነጠሰና እንባው እየወረደ «እጅሽ ይባረክ» እያለ ሲያኝክ አመሸ። አያ ኪሮስ እንደ ጅቡ ሲያነጥሱ እኛ በሳቅ እንንከተከታለን፤ የራሳቸውን ጉድ እያወሩ እንደነበር ያኔ ማን ይጠርጥር?

ለእሳቸው ጠላ አይስማማቸውም ነበር። አይስማማቸውም ማለትም ያንሳል፤ በጉልምስናቸው ኒሯቅ ከተማ ሰርግ ተጠርተው ግማሽ ጣሳ ቢጠጡ ከንፈራቸው አብጦ፣ ገላቸው በሽፍታ ተሞልቶ፣ ትንፋሻቸው እያፏጨ እዚያው ዘመድ ቤት ተኝተው ሰነበቱ። አብራቸው ከነበረችው ከእናቴ በቀር ይህን በሰፈራችን የሚያውቅ የለም። ወንድ ልጅ ጠላ ጣለው መባሉን አፍረው ደበቁት፤ ሰዉም ስለት ይኖርባቸዋል ብሎ ተዋቸው።

መዘዙ የመጣው ጎረቤታችን አያ ሞላ በጥር ልጃቸውን ሲድሩ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ እንደ ደንቡ ከጠላው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ዋንጫውን ለአያ ኪሮስ ዘረጉላቸው። አያ ኪሮስ የዋንጫውን አፍ በእጃቸው ከድነው «ይቅርብኝ» አሉ። ባለድግሷ ቀምሳ የሰጠችውን መመለስ በእኛ አገር መርዝ አለበት ብሎ እንደ መጠርጠር ነው፤ ስለት ያለበት እንኳ ለወጉ ከንፈሩን ያስነካል፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ቤት መካከል ሰላምታ ቀረ። ሰላምታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሁለቱም ያላቸው አንዳንድ በሬ ነበር፤ ለዓመታት አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጣለ፣ በሬዎቹ ግን በየደጃቸው ቆመው ያመሰኳሉ። የእኛንም ማሳ የሚያርሱልን አያ ኪሮስ ነበሩና እናቴ «ዘንድሮ ምን ልንበላ ነው?» ስትል ሰማሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። አያ ሞላ ቤት ተሰብስበው፣ ብዙ ተነጋግረው ከተስማሙ በኋላ፣ ቂሙ መውጣቱ እንዲታወቅ ሁለቱ ከአንድ ዋንጫ ይጠጡ ተባለ። አያ ሞላ ተጎንጭተው አቀበሏቸው። አያ ኪሮስ ዋንጫውን አዩት፤ ውጭ የሚወርደውን ዝናብም አዩ፤ ከዚያ ወደ አፋቸው አነሱት።

«በማርያም፣ እንዳትጠጣ!» ብላ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። «አያ ሞላ፣ ቂም ይዞ አይደለም! ጠላ ይገድለዋል። ኒሯቅ ጠጥቶ ለትንሽ ነው የተረፈው!»

እትዬ ዝናሽ መጥተው ዋንጫውን ከእጃቸው ነጠቁ። «አንተ ሰውዬ፣ አፍ የለህም? እኔ ከጥር ጀምሮ ምን አጠፋሁ እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው? ጠላ ካልሆነልህ ታዲያ ምን ትበላለህ?»

አያ ኪሮስ አቀረቀሩ። «ልጆቹ የሚበሉትን» አሉ ቀስ ብለው።

ሽማግሎቹ ሲስቁ እትዬ ዝናሽ ጓዳ ገብተው በሶውን በማር ለውሰው ተመለሱ። በሠርጉ ዕለት ጠላውን እንደቀመሱት፣ በሶውንም መጀመሪያ ራሳቸው ቆንጥረው በሉ። ከዚያ ለአያ ኪሮስ አጎረሱ፤ ለባላቸውም አጎረሱ። የአያ ሞላ ጉርሻ ከልክ በላይ ተልቆ ኖሮ ትን አላቸውና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በማግስቱ ሁለቱ በሬዎች ተጠመዱ።

የአያ ኪሮስ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ያ የእርቁ ቀን ግን አልጠፋኝም፤ ተቆጥተው ሳለ «ምን ትበላለህ?» ብለው የጠየቁትን እትዬ ዝናሽን ባሰብኩ ቁጥር እኮራባቸዋለሁ። አያ ኪሮስን ደግሞ ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን «እውነት ሊጠጡት ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንድ ጉንጭ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ከታረቅን ወዲያ ብታመምም ሞላ ያርስልኛል ብዬ ነዋ።»