በማለዳ ያደረስነው ጊታር

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ የሚጀምረው ከጊታር ነው፤ ጊታር ደግሞ ቁም ነገር አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከዚያም በላይ ታሪኩ የእኔ አይደለም፤ የመካነ ብርሃን ነዋሪ የሆኑ የአንዲት እናት ነው። ልጃቸው ሱዳን ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፍቶ፣ ይኑር ይሙት ሳያውቁ ዓመታት ጠብቀዋል። እኔና አጎቴ ደግሞ ምንም ሳናስብ በዚያ ተስፋቸው ላይ ገባንበት። እንግዲህ ያየሁትን በተርታ ለመናገር እሞክራለሁ።

አጎቴ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ ሆቴል ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ቤቱ የሚሰበስበው ግን አንድ ዓይነቱን ብቻ ነው፤ ፍሬት የሌለውን። ፍሬት ማለት የጊታሩ አንገት ላይ የተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ጣት የት ማረፍ እንዳለበት ይወስናሉ። እነሱ ሲነቀሉ አንገቱ እንደ ማሲንቆ ልሙጥ ይሆናል፤ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነው።

"ፍሬት ያለው ደረጃ ነው" ይለኝ ነበር። "ይሄኛው ቁልቁለት ነው። የፈለግሽበት መቆም ትችያለሽ፤ ግን እንዳትወድቂ!"

አራት ነበሩት፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉ። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቅኩ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ከሥራ መልስ ያስተምረኝ ጀመር። ድምፁን ከጆሮዬ ይልቅ ደረቴ ነበር የሚሰማው። በጣም ወደድኩት።

አምስተኛው የመጣው ጎንደር አጠገብ ካለችው ጠዳ ነው። እዚያ ሻይ ቤት ያላት ሴት አጎቴ ጊታር እንደሚሰበስብ ሰምታ አስጠራችን፤ የመካነ ብርሃኑ ልጅ ወደ ሱዳን ሲያልፍ "ስመለስ እወስደዋለሁ" ብሎ አደራ እንዳስቀመጠባት ነገረችን። ጊታሩ ረጅም ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነበር።

"ባየሁት ቁጥር ሰው የተኛበት ይመስለኛል" አለች። "አደራውን እናንተ ያዙልኝ።"

ልጁ ፍሬቶቹን በገዛ እጁ ነቅሎ ክፍተቶቹን በሰም ደፍኗቸዋል። ጣቶቹ ደጋግመው ያረፉባቸው ቦታዎች ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ጎድጉደው ቀርተዋል። አጎቴ ጊታሩን ቃኝቶ የሚያውቀውን ዘፈን ጀመረ። ጣቱ ተንሸራቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ገባ። የሚወጣው ሌላ ዜማ ነበር፤ አጭር፣ ዝቅ ዝቅ እያለ የሚወርድ፣ ትዝታን የሚመስል ግን ያልሆነ።

"እስኪ አንቺ ሞክሪው" አለኝ።

የእኔ ጣቶች ከእሱ ጣቶች በጣም ያጥራሉ። ያው ዜማ ወጣ። ግድግዳው ላይ ያሉት አራቱ ጊታሮች ማንም ሳይነካቸው ቀስ ብለው አጉረመረሙ።

"አትፍሪ፤ ክር ለክር ይጠራራል፤ የተለመደ ነው" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለግድግዳው ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ አላየሁትም።

ብዙም ሳይቆይ ዜማው በሌሎቹ ጊታሮችም ላይ ይመጣበት ጀመር። አንድ ቀን ሠርግ ላይ ዘፋኙ ማይኩን በእጁ ሸፍኖ ዞረበት።

"ምነው ጋሼ! ሙሽራ ልናስገባ ነው እኮ፤ ወዴት ነው የምትወስደኝ?"

አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ "አደራ ነው፤ አገሩ ይግባ። እናቱ ካሉ እሳቸው ያስቀምጡለት" አለ።

በደባርቅ አድርገን መካነ ብርሃን ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች። አጎቴ ይሉኝታ ያጠቃዋል፤ በመሸ የማያውቁት ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው ብሎ አልጋ ያዝን። ሲነጋ በጣም ይበርድ ነበር፤ እሱ ጋቢ ደረበ፣ እኔም ነጠላዬን ተከናነብኩ። የማደሪያው ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌን "አያ፣ ልጃቸው ሱዳን የሄደባቸው እናት ቤት የት ነው?" ብለን ጠየቅናቸው። ሳጥኑን አዩ፣ እኛን አዩ፣ አማተቡና ከፊት ከፊታችን ሄዱ። ማን ናችሁ፣ ለምን መጣችሁ አላሉንም። ዝምታቸው ያኔ አልገባኝም።

እናትየው ጄሪካን ይዘው ከግቢያቸው ሲወጡ ከጉሙ መሐል ብቅ አልንባቸው። ጄሪካኑን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ምነው በማለዳ?" አሉ።

አጎቴ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ተው፣ አትንገረኝ" አሉና ሻሻቸውን ፈቱ።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይርቅ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ። ይህን እኔም አጎቴም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ያን ዕለት ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

"እማማ፣ መርዶ አይደለም! ጊታር ነው፤ የልጅዎ ጊታር!" እያለ አጎቴ ሳጥኑን ከፈተው። ይህ ደግሞ ይባስ አደረገው። ለቅሶ ላይ አደባባይ የሚወጣው የሟች ዕቃ ነውና። ጎረቤቱ ከየአቅጣጫው እየጮኸ ደረሰ። አንዲት ሴት ጊታሩን ከእጁ ነጠቀችው። ሌላዋ "እዩት! የጣቱ ዱካ ይኸው!" ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ አልቃሿ ጀመረች፤ እኔና አጎቴ ተያየን። ጉድጓዶቹ ውስጥ የነበረው ዜማ ነበር።

"አያ፣ ይሄ ዜማ ምንድን ነው?" አላቸው አጎቴ ሽማግሌውን።

"የአገሩ ለቅሶ ነው። ለጎልማሳ ሲሆን እንዲህ ነው የሚወርድ።"

"ልጁ በጊታር ይጫወተው ነበር።"

ሽማግሌው ወደ ጊታሩ ዞሩ። "ለማን ብሎ?"

ቀኑን ሙሉ ስናስረዳ ዋልን። ሽማግሌዎቹ ተረዱን፤ እናትየው ግን "እናንተ ባታውቁትም የላካችሁ አለ" ብለው ፀጉራቸውን ተላጩ። ተስፋቸው በእኛ እጅ ሲቋረጥ ቆመን አየን። ስንሰናበት ለአርባው ተዝካር እንድንመጣ አስማሉን። ጊታሩ እዚያው ቀረ። ጎንደር ስንመለስ ዜማው ከአጎቴ ጣት ጠፍቶ ነበር፤ ሊያስታውሰው ቢሞክር እንኳ እምቢ አለው። ደስ አላለውም። "ከጊታሩ ጋር ምን ተቀብለውን ነው?" ይል ነበር።

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ለተዝካሩ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ጊታሩ ጥቁር ነጠላ ለብሶ ወንበር ላይ ቆሟል። እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው እየበላ ሳለ፣ ቦርሳ ያነገበ ሰው ገብቶ እንደማንኛውም መንገደኛ ዳር ላይ ተቀመጠ። እንጀራ ይዛ የቀረበችው ሴት ፊቱን ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ። ጫጫታው ከእሱ አጠገብ ጀምሮ እስከ ድንኳኑ ጫፍ ጠፋ።

"መተማ ሆኜ መሞቴን ሰማሁ" አለ። "ለቅሶዬ ላይ ልድረስ ብዬ ነው።"

ማንም አልሳቀም። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ተነሥተው ራቅ አሉ።

"ልጄ፣ እስኪ በስመ አብ በል" አሉ ሽማግሌው።

"በስመ አብ። አያ፣ ርቦኛል። እናቴስ የት አለች?"

እናቱ ፊት ለፊቱ ቆመው ነበር፤ ፀጉራቸው ተላጭቶ ስለነበር አላወቃቸውም። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጠቅልለው አጎረሱት፤ በሌላው እጃቸው ጉሮሮውን ያዙ። ሲያኝክ አዩ። ጉሮሮው ከእጃቸው ሥር ሲንቀሳቀስ ጠበቁ።

"ዋጠው" አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

እልል ያለ አልነበረም። ሁለተኛ ጠቀለሉ፣ አጎረሱት፤ ያንንም ዋጠው። ያን ጊዜ ጥቁር ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጣሉና አቅፈውት ተቀመጡ።