የሚተነፍስ ከሰል

በዚያ ቀን የነበርነው እኔ፣ ወንዱ ልጄ፣ ሴቷ ልጄ፣ አክሲዮን የሚሸጠው የኩባንያው ሰው እና ግቢውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ነን። ሾፌሩም ነበር፤ ግን መኪናው ውስጥ እንደተኛ ስለቀረ ያየው ነገር የለም። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን የማስቀድመው፣ በኋላ ወሬው ሲዞር ያልነበሩ ሰዎች እንደነበሩ ሆነው ስላወሩት ነው።

ባለቤቴ ወደ አኺራ ሲሄድ ወፍጮ ቤት ትቶልን ነበር። ወፍጮውን ሸጠን ገንዘቡን ለሦስት ተካፈልን። ልጄ በራሱ ድርሻ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ አክሲዮን ሊገዛ አሰበ፤ የእኔንም እንድጨምርበት ለመነኝ። ባለአክሲዮን ለሆነ ወጣት ሥራም ይሰጣሉ። እሱን መጋዘን ያዥ ሊያደርጉት፣ እዚያው ከሰሉ የሚወጣበት ተራራ ላይ ሊያድር ነው። የገንዘቡስ ነገር ገንዘብ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ማደሩ ነበር።

«እማ፣ መጥተሽ በዓይንሽ እይው» አለኝ። «ከዚያ በኋላ እምቢ ካልሽ እምቢ በይ።»

ከሸዋ ሮቢት ተነስተን የደብረ ሲናን መንገድ ሽቅብ ያዝን። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሴቷ ልጄ ግን ሒሳብ አያያዝ ጨርሳለች። መኪናው ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው። ሌላው የሌለው፣ እነሱ ብቻ ያላቸው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እሱንማ ሽንኩርት አስተምሮኛል» አልኳት።

እውነቴን ነው፤ የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። የሁሉም ሰው ሽንኩርት በአንድ ሰሞን ገበያ ሲወጣ፣ የእኔ ጥሩ ነው ማለት ምንም አይጠቅምም፤ የሁሉም ጥሩ ነው። የሚተርፈው ማቆያ ያለው ነው፣ ወይም ከአዲስ አበባ ራሱ ደውሎ የሚያዝ ደንበኛ ያለው። ማሾም ስነግድ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ከአስፋልቱ ተገንጥለን በጥርጊያው መንገድ ትንሽ እንደሄድን ጉም ከላይ ወርዶ ያዘን። የእኛ አገር ሙቀት ከኋላችን ቀረ። ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ የታወቀኝ ዝምታው ነው። ቀትር ላይ ነው፤ ዛፍም አለ፤ ግን አንድ ወፍ አይጮህም።

የኩባንያው ሰው ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ልጠላው ፈልጌ አልቻልኩም።

«ከሰላችሁን ማን ይገዛችኋል?» አልኩት።

«ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው፣ እትዬ። ጡብ የሚሠሩም አሉ።»

«እስከ ዛሬስ ከማን ሲገዙ ኖሩ?»

«ከምዕራብ ይመጣላቸዋል። ከውጭም በጅቡቲ ይገባል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እኛ ግን አስፋልት አጠገብ ነን።»

«አስፋልቱ የናንተ ብቻ አይደለም። ነገ ሌላ ሰው ያንን ማዶውን ሸለቆ ቢቆፍር እሱም አስፋልት አጠገብ ነው።»

ልጄ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ሰውየው ግን ፈገግ አለ። «ልክ ነዎት። ለዚህ ነው ይህን ላሳይዎት የፈለግኩት» ብሎ ከክምሩ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ሰጠኝ። ከጠበቅኩት በላይ ቀለለኝ።

«ደረቅ ነው» አለ። «የሌሎቹ እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ካልደረቀ ፋብሪካው አይፈልገውም፤ ሲጫንም ውሃውን ጭምር ነው የሚጭኑት። የእኛ እዚያው መሬት ውስጥ ደርቆ ይወጣል። ይሄ የትም የለም።»

ሴቷ ልጄ አየችኝና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የምንፈልገው መልስ ይሄ ነበር።

እኔ ግን እጄ የለመደውን አደረገ። ሌላ ድንጋይ አነሳሁና ሁለቱን አጋጭቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። አባቴ ከሰል አክሳይ ነበር። በደንብ የከሰለ የግራር ከሰል ሲጋጭ እንደ ብርጭቆ ይጮሃል። ይሄኛው ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠኝ።

«እማ!» ልጄ ሳቀብኝ። «የግራር ከሰል መሰለሽ እንዴ? አሁን ደግሞ ጆንያው ስንት ነው ልትይው ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ድንጋዩን ልመልስ ሳጎነብስ ግን ከክምሩ ሥር ቀይ አፈር አየሁ። እንደ ሸክላ የተጠበሰ ቀይ ነው። ሳቁ ከአፌ ላይ ቀረ። ያንን አፈር አውቀዋለሁ።

በዚህ መሀል ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ቀረቡ። ከአሊዩ አምባ በታች ያለ አገር ሰው ናቸው። የኩባንያው ሰው ሊያጫውተን ብሎ «አባባ ተራራው ይተነፍሳል እያሉ ያስፈራሩኛል» አለን።

«እኔ አላስፈራራሁህም» አሉት። «ሱብሂ ልሰግድ ስወጣ በዓይኔ ያየሁትን ነው። በዚያ በኩል ተንፍሷል።»

እሱ የሰማው ተራራው እንደ እንስሳ እስትንፋስ አለው የሚል ተረት ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። አባቴ እንጨቱን ከምሮ፣ ሣርና አፈር አልብሶ፣ እሳት ለኩሶ አየር ሳያገኝ ነበር የሚያከስለው። አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ከገባ «ተነፈሰ!» ብሎ ይጮሃል፤ ቤተሰቡ በሙሉ አፈር ይዞ ይሮጣል። ካልተደረሰበት ውስጥ ለውስጥ ይነዳል። የሚተርፈው አመድና ቀይ አፈር ነው።

«አባቴ ከሰል አክሳይ ነበር» አልኳቸው። «የተነፈሰው የት በኩል ነው?»

እንደገና አተኩረው አዩኝ። «ያ አላህ! እንግዲያስ የሚሰማኝ ሰው መጣ። ነይ፣ እህቴ።»

የወሰዱኝ ከመጋዘን ያዡ ክፍል ጀርባ ነው፤ ልጄ ሊያድርበት ከተዘጋጀው ክፍል። ሣሩ ሥሩ ድረስ ደርቋል። መሬቱ በጣት ልክ ተሰንጥቋል። እጄን ስንጥቁ ላይ ያዝኩ። ሞቅ ያለ ነገር ነካኝ፤ ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጣ። የተኛ ሰው አፍ ላይ እጅ እንደመያዝ ነው። የክብሪት ሽታ አለው።

«በብርዱ ወራት ጅቦቹ እዚህ መጥተው ይተኛሉ» አሉኝ ሽማግሌው። «ሙቀቱን ወደውት ነው። ጧት ጧት የተኙበት ጎድጎድ ብሎ ይታያል። አንድ ቀን ግን አንዷ አልተነሳችም። ቁስል የላትም፣ ደም የላትም። እንደተኛች ቀረች።»

ከሰል ለኩሰው በር ዘግተው የተኙ፣ ጧት ያልተነሱ ሰዎች በአገራችን አሉ። ያንን የማያውቅ የለም።

በዚያችው ቅጽበት ልጄ ከክፍሉ ውስጥ ጮኸ። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆሟል። «እማ፣ ነይ እይ! ወለሉ ይሞቃል! ብርድ ልብስም አያስፈልገኝ!» ደስ ብሎታል። ከሁሉም የዘገነነኝ ያ ደስታው ነው።

የኩባንያውን ሰው ስለ ስንጥቁ ስጠይቀው አልዋሸኝም። «እናውቃለን፣ እትዬ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። አፈር እንደፋበታለን፤ በክረምት ይጠፋል።»

ስንመለስ ሴቷ ልጄ «ደረቅ የሆነው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለች። «ከሥር እየተጠበሰ ነዋ። ሌላው የሌለው ነገር አለን ያሉት እሳቱን ነው። ዛሬ የሚያበላቸው እሱ ነው፤ ከሰሉን የሚጨርስባቸውም እሱ ነው።»

«አፈር እንደፋበታለን ብሏል አይደል?» አላት ወንድሟ። «አንቺ ደግሞ አንድ ፈተና ስላለፍሽ!»

«የእኔን ድርሻ አልሰጥም» አልኩ እኔ። «አንተም እዚያ አታድርም።»

«ድርሻዬ የራሴ ነው፣ እማ። እንቅልፌም የራሴ ነው።»

ትልቅ ሰው ነው፤ ልይዘው አልችልም። የማሾው አበባ ሲረግፍ ልብሱን ይዞ ወጣ። ብርድ ልብስ በግድ አስያዝኩት።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይደውል ነበር። «በሩን ከፍተህ እደር» እለዋለሁ። «ጅቦቹስ?» ይለኛል እየሳቀ። እንዲዘጋው ልንገረው ወይስ እንዲከፍተው? ሁለቱንም እያሰብኩ አድር ነበር። ቆይቶ ድምፁ ከበደብኝ። ራሱን ያመዋል፤ እንቅልፍ ይበዛበታል። «ነጋ እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል፣ ቀን ላይ ደውዬ። ና ስለው፣ ክረምቱ ይምጣና እሳቱ ይጠፋል አለኝ። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ማለት ጀመረ።

ከሴቷ ልጄ ጋር ወደ ተራራው ወጣን። ግቢው ባዶ ነው። የከሰሉ ክምር የለም፤ በቦታው ቀይ አፈር አለ። ሽማግሌውም የሉም። ስንጥቁ ሰፍቶ ከክፍሉ ሥር ገብቷል። ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ጠብታው መሬት ሲነካ እየጨሰ ይጠፋል። በሩ ተቆልፏል፤ ግን ቁልፉ ያለው ከውጭ ነው። ተኝቶ የቀረ ሰው ከውጭ አይቆልፍም። እስከ ዛሬ በእግሬ ያቆመኝ ያ ቁልፍ ነው። በመስኮቱ ሳይ ብርድ ልብሱ እኔ እንዳጠፍኩለት አልጋው ራስጌ ተቀምጧል። አልተፈታም።

የኩባንያው ሰው በስልክ፣ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል አለን። የት እንደሆነ አጣርቼ እነግራችኋለሁ አለ፤ መልሶ አልደወለም። አሁን ስልኩን አያነሳም።

ልጄ ረጅም ነው፤ ቀጭን። ከግራ ቅንድቡ ላይ የድሮ ጠባሳ አለው። ከመናገሩ በፊት ይስቃል። ከሰል በሚወጣበት ቦታ ሁሉ፣ በዚህም ይሁን በምዕራብ፣ ያያችሁት ካላችሁ፣ ወይም አብሮት የሠራ የምታውቁ ከሆነ፣ ያለበትን ንገሩኝ። ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ተራ የወፍጮ ቤቷ እናት ብላችሁ ብትጠይቁ ታገኙኛላችሁ።